እማማ፣ እማዬ ወይስ እሜቴ? ለልጃችሁ አያት መጠሪያ ስትመርጡ

የወንድሜ ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ፎቶ ላይ ደረስን። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደግኖ «እማማ፣ እስቲ ወደ ልጅቷ ጠጋ ይበሉልኝ» አለ። ሁለቱ አያቶች ንቅንቅ አላሉም። እናቴ ገና 56 ዓመቷ ነው፤ የተጠሩት ሌላዋ መሰሏት። የወንድሜ ሚስት እናት ደግሞ በሰፈራቸው «እማማ» የሚባሉት ጎረቤታቸው ናቸው፤ ቃሉ እሳቸውን ይመለከታል ብለው አላሰቡም። በመጨረሻ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ ያሉት ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ የሰፈር ሴትዮ ናቸው። ፎቶው ላይ አሉ። ላየው ሰው ልጅቷን ክርስትና ያነሷት እሳቸው ይመስላሉ።

ማታ ወንድሜ ደወለ። «ልጅቷ አፏን ስትፈታ እነዚህን ሁለት ሴቶች ምን ብላ ልትጠራ ነው?» የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ቤቱ ውስጥ ነገሩ ከሯል። ሚስቱ ለሁለቱም «እማማ» ይሁን ብላለች። እሱ ለእናታችን «እማዬ» ፈልጓል። ሚስቱ እናቴን በስልክ ብትጠይቃት «እኔን? ለጊዜው በስሜ» ተብላ ተመልሳለች።

እንዲህ ዓይነት ምርጫ ገንዘብ አይጠይቅም። ዋጋው የሚከፈለው በኩርፊያ ነው። ስለዚህ ሳትቸኩሉ አማራጮቹን አስተያዩ።

«አያት» ለምን አይሆንም?

«አያት» ስለ እሷ የምናወራበት ቃል ነው፤ እሷን የምንጠራበት አይደለም። «አያቴ አሟታል» እንላለን። ከጓዳ ሆኖ «አያቴ! ውሃ ስጪኝ!» ብሎ የሚጣራ ልጅ ግን እኔ በዙሪያዬ ሰምቼ አላውቅም። የምሰማው ወደ አማርኛ በተመለሱ የውጭ ድራማዎች ላይ ነው። በተረፈ «አያት! አያት!» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ሲጠራ የሚሰማው መገናኛ ታክሲ ተራ ነው። እዚያ የሚጠሩት ሰፈሩን ነው።

ሌላም ችግር አለ። ቃሉ ወንድና ሴት አይለይም። ፎርም ላይ «የአያት ስም» ሲል የአባታችሁን አባት ነው የሚጠይቃችሁ። ሴቷን ለይተን ለመናገር «ሴት አያቴ» ወይም «የእናቴ እናት» ማለት አለብን። ከእሷ በላይ ያሉት ቅድመ አያትና ምንጅላት ደግሞ ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር ነው የሚታወሱት። ምንጅላቱን «ምንጅላቴ» ብሎ የጠራ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የአያት መጠሪያ ከሌላ ቦታ ይዋሳል። ከእናት ይዋሳል፣ ከእመቤት ይዋሳል፣ ከመነኩሲት ይዋሳል፣ ከጎረቤት ቋንቋ ይዋሳል። የጭቅጭቁም ምንጭ ይኸው ነው። የተዋስነው ቃል ሁሉ ቀድሞ ባለቤት አለው።

መመዘኛዎቹ

አምስት ነገር ነው የማየው።

ቃሉ ቤት ውስጥ በሌላ ሰው ተይዟል ወይ? እናትየዋ፣ አክስት ወይም ጎረቤት ከያዘችው ግጭት አለ።

ውጭ ሰው ሲሰማው ማን ይመስለዋል? የትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ፎቶ አንሺ።

የሕፃን አፍ ይችለዋል ወይ? «መ» በከንፈር የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ ሕፃናት ቶሎ ይይዙታል። «እማማ» አንድ ዓመት ሳይሞላ ሊወጣ ይችላል። «እሜቴ» ትንሽ ይቆያል፤ «እማሆይ» ደግሞ «እማኦ» ሆኖ ነው የሚጀምረው።

ባለቤቷ ትወደዋለች ወይ? በ50ዎቹ ዕድሜ ያለች ሴትና በ75 ያሉ እናት ለአንድ ቃል አንድ ዓይነት ጆሮ የላቸውም።

አምስተኛውን ሰው ይረሳዋል። ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። ቃሉ ግሱን ምን ያደርገዋል? አማርኛ ውስጥ መጠሪያ ብቻውን አይመጣም፤ «አንቺ»ን ወይም «እርስዎ»ን ይዞ ይመጣል። «እማዬ መጣች» ይባላል። «እማማ መጡ» ይባላል። «እማማ መጣች» ስትሉ ግን ወይ በጣም ቀርባችኋል፣ ወይ ስድ ሆናችኋል፤ የሚለየው የቤቱ ልማድ ነው። «አንቱ» በሚባልበት አገር ያደጉ እናት የልጅ ልጃቸው «አንቺ» ሲላቸው ሊደነግጡ ይችላሉ። በተቃራኒው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የልጅ ልጇ «እርስዎ» ቢላት «ምነው፣ ባዳ ነኝ እንዴ?» የምትል ብዙ ናት። ከቃሉ በፊት ይህን ወስኑ። ከዚያ ግማሹ አማራጭ ራሱ ይወድቃል።

እማማ

በጣም የታወቀው ይህ ነው፤ በጣም የተጨናነቀውም ይኸው ነው። ማንኛዋም ጠና ያሉ ሴት «እማማ» ናቸው። ጉሊት ላይ ቲማቲም የሚሸጡት እማማ ናቸው፤ ታክሲ ውስጥ መቀመጫ የምትለቁላቸው እማማ ናቸው። ቃሉ አክብሮት አለው፤ የዝምድና ሽታ ግን ሳስቷል። ስለዚህ አንድ ሰፈር ውስጥ አምስት እማማ ካሉ ልጁ ስም መጨመሩ አይቀርም። «እማማ ዘነበች» ሲል ደግሞ አያቱን እንደ ጎረቤት ጠራ ማለት ነው።

ሌላው ነገር ዕድሜ ነው። «እማማ» ፀጉር ያሸብታል። ገና የምትሠራ፣ ተረከዝ ያለው ጫማ የምታደርግ አያት «እማማ» ስትባል ፊቷን ተመልከቱ። እናቴ የመጀመሪያ ቀን «እማማ» ያላት የባንክ ጥበቃ ነበር። እስከ ዛሬ በዚያ በር አትገባም።

ጥቅሙ? ሕፃን ቶሎ ይለዋል። «እርስዎ»ን ያለ ግብግብ ይሸከማል። አያቲቱ ሌላ ከተማ ካሉና ልጁ ዙሪያ ሌላ እማማ ከሌለ ምንም አይወጣለትም።

እማዬ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። ቃሉ «እናቴ» ማለት ነው፤ ሆኖም ብዙ የኢትዮጵያ ቤት ውስጥ የሚጠራው አያትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ወጣት እናት ወላጆቿ ቤት እያለች ትወልዳለች። ልጁ ሲያድግ የሚሰማው አክስቶቹና አጎቶቹ ሴትየዋን «እማዬ» ሲሉ ነው። እሱም «እማዬ» ይላል። የራሱን እናት ደግሞ ሁሉም በስሟ ስለሚጠራት በስሟ ይጠራታል። ማንም አላስተማረውም፤ የሰማውን ነው ያለው። እንዲህ ያደጉ ሰዎች ሞልተዋል። ለእናታቸው ክብር ጎድሎባቸው አይደለም።

ዋጋው የሚመጣው ከቆየ በኋላ ነው። ሰውየው አድጎ ቢሮ ውስጥ «እማዬ አረፈች» ሲል ሁሉም እናቱ የሞተች መስሎት ለቅሶ ይሄዳል። በር ላይ የምትቀበላቸው እናቱ ናት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ሴትየዋን እያዩ መናገር አቅቷቸው ነበር።

አሁን ግን ከተማ ውስጥ አንድ ነገር ተለውጧል። እናቶች «ማሚ» ሆነዋል። በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ደግሞ «ኡሚ»። የእናት ቦታ በአዲስ ቃል ሲያዝ «እማዬ» ሥራ ፈትቶ ቀረ፤ ከዚያ አንድ ፎቅ ወጥቶ አያት ጋ ገባ። እናትየዋ «ማሚ» መባል ከፈለገች «እማዬ»ን ለአያት መስጠት በጣም ጥሩ ምርጫ ነው። ይሞቃል። ለሕፃን ይቀላል። «አንቺ»ን ይዞ ይመጣል። አያቲቱም አያረጅባትም፤ ልጆቿ 30 ዓመት ሲጠሯት የኖረችበት ስም ነው።

እናትየዋ ራሷ «እማዬ» መባል ከፈለገች ግን ተዉት። ጥል ነው። «ትልቋ እማዬ» እና «ትንሿ እማዬ» ብለው የሚያስታርቁ ቤቶች አሉ፤ «ትንሿ» የምትባለው እናት ግን ውስጧ እንደማይደሰት እጠረጥራለሁ።

እምዬ እና እማምዬ

ሁለቱም ቁልምጫ ናቸው። «እምዬ» ግርማ አለው። ዳግማዊ ምኒልክን ሕዝቡ «እምዬ ምኒልክ» ያላቸው ወንድነታቸው ጠፍቶት አይደለም፤ ርኅራኄያቸውን በእናት ቃል ለመግለጽ ነው። ለአያት ሲሆን ያምራል። ብቻ ትንሽ የግጥም ቃና አለው፤ «እምዬ፣ ሪሞቱ የት ነው?» ማለት ይከብዳል።

«እማምዬ» ከ«እማማ» ተወልዶ የእማማን ድካም አልወረሰም። ጎረቤትን «እማምዬ» የሚል ብዙ የለም፤ የቤት ቃል ነው። አንቺም እርስዎም ይቀበላል። ሁለት አያት ካሉ አንዷን «እማዬ»፣ አንዷን «እማምዬ» ማለት ይቻላል። ስልክ ላይ ግን ይምታታል። እኔ ራሴ ለአንዷ የተላከ የድምፅ መልእክት ለሌላዋ ልኬያለሁ። ደግነቱ ሐሜት አልነበረበትም።

እሜቴ፣ እትዬ፣ እቴጌ

«እሜቴ» የመጣው «እመቤቴ» ከሚለው ነው። ድሮ በትልልቅ ቤቶች ሠራተኞች የቤቱን እመቤት የሚጠሩበት ነበር። ልጆችም እየሰሙ አያታቸውን «እሜቴ» አሉ፤ በአንዳንድ ቤት እስከ ዛሬ አለ። «እርስዎ» ግዴታው ነው። በአሁኑ ከተማ ከሌላ ሰው ጋር የመምታታት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ የጌታና የሎሌ ትዝታ አለበት። ከዘር ካልወረሳችሁት አዲስ ልጀምረው ብትሉ የተቀባ ይመስላል።

«እትዬ» የእህት ቃል ነው፤ ታላቅ እህትና የቤት እመቤት ተሻምተውበታል። ለአያት አልመክረውም። «እቴጌ» ደግሞ እነ ጣይቱና እነ መነን የተጠሩበት የንግሥት ማዕረግ ነው። ቤት ውስጥ በቀልድ ይሠራል። ፈላጭ ቆራጭ ለሆኑ አያት ከሆነማ ቀልድም አይደለም።

እማሆይ

ይህ ምርጫ አይደለም፤ ቆብ ነው። ብዙ ኦርቶዶክሳውያን እናቶች ልጆቻቸውን አድርሰው ሲመነኩሱ «እማሆይ» ይባላሉ፤ እዚያው ቤታቸው ቢኖሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተሰቡም «እማሆይ» ይላል፤ «አንቺ» ሲባሉ የነበሩትም «እርስዎ» ይሆናሉ። ቃሉ የምንኩስና እንጂ የእርጅና ወይም የአያትነት አይደለም። ፒያኖ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም እስካረፉ ድረስ በዚህ ስም ዓለም ያወቃቸው መነኩሲት ስለነበሩ ነው። ያልመነኮሰች አያትን «እማሆይ» ማለት ያላገኘችውን ማዕረግ መስጠት ነው፤ የምታፍርበትም አለች።

ከጎረቤት ቋንቋ

ቤታችሁ ድብልቅ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። በአፋን ኦሮሞ «አኮ» አያት ነው። በሶማልኛ «አዬዮ»። በትግርኛ «ዓባየይ»፤ «ዓባይ» በትግርኛ ለሴት ሲነገር «ትልቅ» ማለት ነው። እነዚህ ቃላት አማርኛ ያጣውን ነገር ይሰጣሉ፤ እናትን ሳይነኩ አያትን መጥራት። አንዷ አያት ኦሮሞ ሌላዋ አማራ ከሆኑ «አኮ» እና «እማዬ» ብላችሁ ጨርሱ። ስልክ ላይ አይምታታ፣ ፎቶ ላይ አይምታታ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ቃሉን ቋንቋውን ለማትናገር አያት አትስጡ። «ዓባየይ» የተባሉ የጎንደር ሴት ወንዝ የሆኑ ነው የሚመስላቸው።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ «እማማ» ወጥመድ አለው። ልጁ ለአስተማሪዋ «እማማ ናት የምትወስደኝ» ሲል እሷ የምትሰማው «ማማ» ነው፤ እናቱ ትመጣለች ብላ ትጠብቃለች። የምትመጣው ግን ነጠላ የለበሱ አያት ናቸው። የልጅ መውሰጃ ወረቀት ላይ በደንብ ጻፉ። «ግራንድማ» ችግሩን ይፈታል፤ ግን አያቲቱ ሲጠሩ ዞር የማይሉበት ስም ምን ይሠራል?

እስራኤል ውስጥ ደግሞ በዕብራይስጥ «ኢማ» እናት ነው። አያቱን «እማ» ወይም «እማዬ» የሚል ልጅ በሁለት ቋንቋ መሐል ይጠመዳል። «ሳብታ» የአያት ቃል ስለሆነ ብዙ ልጆች እሱን ይመርጣሉ። አማርኛውን ማቆየት ከፈለጋችሁ እዚያ አገር ከ«እማዬ» ይልቅ «እማምዬ» ይራቃል።

ዓረብ አገር ሠርታ ለተመለሰች ሴት «ማማ» የአሠሪ ቃል ሊሆን ይችላል። ዓመታት ሙሉ በቃሉ ስትታዘዝበት ኖራ፣ ልጇ አያቱን በዚያው ቃል ሲጠራ ላይጥማት ይችላል። ጠይቋት።

የማይመረጡት

«ማዘር» የሰፈር ጎረምሳ ቃል ነው፤ 16 ዓመት ሲሞላው ራሱ ይጀምረዋል፣ ከአሁኑ አታስተምሩት። «አሮጊቷ» ስድብ ነው፤ በፍቅር ነው የምትሉ ካላችሁ እሷ ፊት በሏት እስቲ። «ባልቴት» መግለጫ እንጂ መጠሪያ አይደለም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ቃሉ | ግሱ | ውጭ ሰው ሲሰማው | ለሕፃን አፍ | የሚያስከፍለው |
|---|---|---|---|---|
| እማማ | እርስዎ | ማንኛዋም አሮጊት | በጣም ቀላል | ወጣት አያት ታኮርፋለች |
| እማዬ | አንቺ | እናቱ | ቀላል | እናትየዋ ካልፈቀደች ጥል |
| እምዬ | ሁለቱም | እናቱ | ቀላል | ለዕለት ንግግር ይከብዳል |
| እማምዬ | ሁለቱም | የቤት ሰው | መካከለኛ | ከእማዬ ጋር ይምታታል |
| እሜቴ | እርስዎ | የድሮ ቤት ልጅ | መካከለኛ | ካልወረሱት ያስቃል |
| እማሆይ | እርስዎ | መነኩሲት | ከባድ | ያለ ቆብ አይሆንም |
| አኮ፣ አዬዮ፣ ዓባየይ | እንደ ቋንቋው | አያት፣ ለሚያውቀው | ይለያያል | ሥሩ ቤት ውስጥ መኖር አለበት |

ለማን የትኛው?

አያቲቱ ከ60 በታች ከሆነችና ከልጁ ጋር የምትኖር ከሆነ፦ እማዬ፤ እናትየዋ «ማሚ» እስከሆነች ድረስ።

አያቲቱ ገጠር ካሉና በዓመት አንዴ ለበዓል የምታዩአቸው ከሆነ፦ እማማ፤ ከ«እርስዎ» ጋር። ልጁ ቃሉን እሳቸው ደጅ ላይ ብቻ ስለሚጠቀምበት አይጨናነቅም።

ሁለቱም አያቶች አንድ ከተማ ውስጥ ካሉ፦ ሁለት የተለያየ ቃል፣ ያለ ምንም ድርድር። ለሁለቱም «እማማ» ብላችሁ ስም ብትጨምሩ፣ ውሎ አድሮ ያለ ስም «እማማ» ብቻ የምትባል አንዷ ትሆናለች፤ ሌላዋም ይህን ትቆጥራለች። ሴቶቹ እንደማይቆጥሩ የሚያስቡ አባቶች ብቻ ናቸው።

ልጁን የምታሳድገው አያት ከሆነች፣ እናቱ ዓረብ አገር ወይም ሌላ ቦታ ሆና፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ልጁ አያቱን «እማዬ» ማለቱ አይቀርም፤ አትከልክሉት። ለእናቱ ግን ከአሁኑ የራሷ ቃል ይኑራት፤ «ማሚ» ይሁን ሌላ። በቪዲዮ ስልክ ባወራች ቁጥር በዚያ ቃል ይጥራት። ስትመለስ በስሟ ብቻ የሚጠራት ልጅ አግኝታ ያለቀሰች ሴት አውቃለሁ።

ከመረጣችሁ በኋላ ደግሞ አያቲቱን የሚጠይቃት ማን እንደሆነ አስቡበት። ምራት አማቷን «ምን እንበልዎት?» ብላ አትጠይቅ። ጥያቄው በእሷ አፍ «አርጅተዋል» ተብሎ ይሰማል። ልጇ ይጠይቅ። በስልክ አይሁን። ቡና ላይ ይሁን፤ አቦል ላይ አይነሳ፣ ገና ወሬ አልሞቀም። ቶና ጥሩ ነው።

ወንድሜ ባለፈው እሑድ እንደዚሁ አደረገ። እናቴ ሲኒውን አስቀመጠችና «እናንተ እማዬ ስትሉኝ እየሰማች እሷ ሌላ ምን ልትል ኖሯል?» አለችው። የሚስቱ እናት በረካ ላይ «እማምዬ»ን መረጡ። «እማማ» የፎቶዋ ሴትዮ እንደሆነች ቀረች።